ፒካፕ ስንመርጥ፦ ወንድሜ ለበረዶ፣ እኔ ለጭቃ



ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንድ ወር ውስጥ ፒካፕ ለመግዛት ተነሳን። እሱ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው ያለው፤ እኔ ሀርጌሳ። እሱ የሚፈራው በረዶ ነው፤ እኔ የምፈራው ጭቃና ደራሽ ውኃ። እናታችን በስልክ ስንማከር ሰምታ «በረዶ ትንሽ ጥሎ ያባራ የለ እንዴ? ለእሱ ተብሎ መኪና ይመረጣል?» አለች። ለእማዬ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድበውና ሰብል የሚያረግፈው ነው። በእኛ ቋንቋ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ የሚበነውም፣ መንገድ ላይ የሚጋገረውም ሁሉም በረዶ ስለሆነ አልፈረድኩባትም። እኔም ብሆን የእሱ በረዶ ከእኔ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ገና አልገባኝም ነበር።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ ከወጃሌ በርበሬ፣ ሽሮና ሽንኩርት እቀበላለሁ፤ በመመለሻዬ ደግሞ ገቢሌና አረብሲዮ አካባቢ ካሉ እርሻዎች ቲማቲምና ቃሪያ እጭናለሁ። ሀርጌሳ ላሉ ምግብ ቤቶችና ለአገር ልጆች አከፋፍላለሁ። ከወጃሌ ሀርጌሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው። ችግሩ አስፋልቱ ላይ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እርሻ በሚገባው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የዚያ ሜዳ አፈር እኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል።

መኪና ከመግዛቴ በፊት በነበረው ሚያዝያ፣ ሶማሌዎቹ «ጉ» የሚሉት ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ የኋላ ጎማዋ ብቻ በሚገፋ የኪራይ ፒካፕ ገባን። ጭነን ስንወጣ ዝናቡ ያዘን። አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ዋልካ ውስጥ ቆምን። ጎማው በዞረ ቁጥር የበለጠ ተቀበርን። በትራክተር ተጎትተን ስንወጣ ቲማቲሙ ግማሹ ፈርጦ፣ ግማሹ ሸቶ ነበር። 600 ዶላር ከሰርኩ። ያ ገንዘብ ለልጆቼ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ነበር። ዳይሬክተሯ ፊት ቀርቤ «አንድ ወር ታገሱኝ» ያልኩበትን ቀን አልረሳውም። የራሴን መኪና ልግዛ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ወንድሜ አምስት ክረምት በረዶ ላይ ነድቷል። በመጀመሪያ ያለኝ ይህን ነው፦ «እትዬ፣ ፎር ዊል የሚያስነሳሽ እንጂ የሚያቆምሽ አይደለም።» አራቱም ጎማ ሲገፋ ከቆምሽበት ትወጫለሽ። ፍሬን ስትይዢ ግን ባለሁለቱም ባለአራቱም ያው አራት ጎማ ነው ያላቸው። እሱ አገር በክረምት ጠዋት ቦይ ውስጥ ተገልብጠው ከሚያያቸው መኪኖች ብዙዎቹ ፎር ዊል እንደሆኑ ነገረኝ። ባለቤቶቹ በመኪናቸው ተማምነው የፈጠኑ ናቸው።

ሁለተኛው ስለ ጎማ ነው። እሱ ክረምት ሲመጣ ጎማ ይቀይራል፤ የበረዶ ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታችም ለስላሳ ሆኖ ይይዛል፣ ተራው ግን ይደርቃል። ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ምልክት ይታተምበታል። ለእኛ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ጥርሱ ጥልቅ፣ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ጭቃውን እየተፋ የሚሄድ ጎማ። አንድ ነገር ግን ለሁላችንም ይሠራል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆች 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። «አዲስ ነው» ብሎ ለሚምልላችሁ ሻጭ ይህን አሳዩት።

ሦስተኛው ስለ ክብደት ነው። የፒካፕ ሞተር ፊት ነው፤ ጀርባው ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። ወንድሜ ክረምት ሲገባ ከኋላ አክሰሉ በላይ የአሸዋ ከረጢት ይጭናል። ፎቶውን ሲልክልኝ ሳቅኩ፤ ባሕር ተሻግሮ አሸዋ ጫኝ ሆነ! ቆይቶ ግን ወደ እርሻው ባዶዬን ስገባ ለምን ቂጧ እንደምትወዛወዝ ገባኝ።

ከዚያ ወደ ገበያው ወጣሁ። እዚህ የሚሸጠው ያገለገለ መኪና አብዛኛው ከጃፓን በዱባይ በኩል የሚመጣ ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። የምንነዳው ደግሞ ቀኝ ይዘን ነው። ስለዚህ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሹፌሩ ብቻውን አያይም፤ ጎኑ የተቀመጠው «እለፍ» ማለት አለበት። ያ ሰው እኔ ስለሆንኩ መሪው በግራ ቢሆን ተመኘሁ፤ ዋጋው ግን አልቀመስ አለኝ።

አንድ ነጭ ፒካፕ ዓይኔን ያዘው። ቀለሙ ያብለጨልጫል፣ ወንበሩ ንጹሕ ነው። ደላላው «ለብርድ አገር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ባትሪው ትልቅ፣ ማሞቂያው ኃይለኛ» እያለ አሞገሰው። በሀርጌሳ ማሞቂያ! የጥር ሌሊታችን ቢቀዘቅዝም ጋቢ ይበቃዋል። ያም ሆኖ ልቤ ሄዶ ነበር። ማታ ለወንድሜ ፎቶ ስልክለት ወዲያው ደወለ። «እትዬ፣ ብር እንዳትከፍዪ። መጀመሪያ ሥሩን እዪ።»

በረዶ አገር መንገዱ እንዳይጋገር ጨው ይበተናል። ጨዉ ከውኃው ጋር ከሥር እየተረጨ ብረቱን ይበላል። ላዩን ቀለም ይቀቡታል፣ ሥሩን ግን ማን ያያል? በማግስቱ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። መኪናው ሥር ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ባሌስትራው የሚታሰርበት ጋ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ፣ ዝገቱ እንደ ቆሎ ረገፈ። ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜበት ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይከፈል ነበር አለኝ። አይቼው የማላውቀው በረዶ ሀርጌሳ ድረስ መጥቶ ቁጠባዬን ሊበላ ነበር።

በመጨረሻ የገዛሁት ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሥሩ ግን ጤነኛ የሆነ ባለነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ ናፍጣ፣ የእጅ ማርሽ። ደብል ጋቢና ለቤተሰብ ያምራል፤ እኔ ግን የምፈልገው የሚረዝም ጀርባ ነው። ከባዱን ቀስ ብሎ የሚጎትት ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ የኋላ ዲፈረንሻሉም ይቆለፋል። ይህ ቁልፍ ከሌለ ኃይሉ ሁሉ አየር ላይ ወደሚሽከረከረው ጎማ ይሄድና ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። ሹፌሬን ያስጠነቀቅኩት ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊሉን እንዳያስገባ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና የፊቱና የኋላው እኩል ስለሚዞሩ ኩርባ ላይ ይታገላሉ፤ ጥርሱን ይጨርሱታል።

ለጎማ የሚሆን ገንዘብ ግን አለቀብኝ። ወንድሜ ላከልኝ። ከየት አመጣህ ስለው «መቀመጫ የሚያሞቀውን ተውኩት፤ ካፖርት አለኝ» አለ። የእኔ አራት ጎማ የእሱ ሙቀት ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ከእርሻ ስንመለስ ዋልካውን አለፍነው። አስፋልት ሳንደርስ ግን ደረቅ የነበረው ቶግ ሞልቶ ጠበቀን። ውኃው ቡናማ ነው፣ ሥሩ አይታይም። ሹፌሬ «እህቴ፣ አራቱም ጎማ ይሠራል እኮ» አለኝ። «ውኃውም ይሠራል» አልኩት። የሚሮጥ ውኃ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትንሽ መኪና ያነሳል፤ 60 ከደረሰ ፒካፑንም ይዞ ይሄዳል። ሞተር አጥፍተን ከዳር ተቀመጥን። ከሦስት ሰዓት በኋላ ውኃው ጎደለ፤ ሹፌሬ በእግሩ ገብቶ ሲፈትሸው ቁርጭምጭሚቱን አላለፈም። ተሻገርን። ቲማቲሙ ደህና ገባ። የዚያ ወር የትምህርት ቤት ክፍያ በቀኑ ተከፈለ።

ያን ማታ ለወንድሜ ስደውል በግንቦትም በረዶ ጥሎበት ኖሮ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። «ቁልፉ ኪሴ ነው፤ ነገ እነዳለሁ» አለኝ። ሁለታችንም ጥሩ መኪና ገዝተን፣ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ስንጠብቅ መዋላችን አሳቀን።

መኪና ልትገዙ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ ከቀለሙ በፊት ሥሩን፣ ከሞተሩ በፊት ጎማውን እዩ። መንገዳችሁን የሰላም ያድርግላችሁ።