ሐረግ እና ፍልፈል

እማዬ ታላቅ እህቴን “ሐረጌ” ትላት ነበር። እኔን ደግሞ “ፍልፈሉ”። እንግዳ ሲመጣ እህቴ ሳሎኑን በሳቅ ትሞላዋለች፤ እኔ የመኝታ ቤቴን በር እዘጋለሁ። “ያ ፍልፈል ዛሬም አልወጣም?” ይባላል። ከዚያ ሳቅ። በሩ ስስ ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ።

ንጽጽሩ ያበሳጨኝ ነበር። ሐረግ በቋንቋችን የክብር ቦታ አለው፤ የዘር ሐረግ እንላለን፣ በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሳለውን ጌጥም ሐረግ እንለዋለን። ፍልፈልስ? የገበሬውን ሰብል ከሥሩ የሚበላ፣ በቃ። እልህ ይዞኝ ስለ ሁለቱም ማንበብ ጀመርኩ።

በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ ግዙፍ ፍልፈል አለ። ኑሮው ጉድጓድ ውስጥ ቢሆንም ለመብላት ብቅ ማለቱ አይቀርም። ቀይ ቀበሮ ስለሚያድነው ግን አይርቅም፤ በቅርቡ ያለውን ሣር ለቃቅሞ ይመለስና ቀዳዳውን በአፈር ይደፍነዋል። ሳነበው ሳቄ መጣ። ቁርሴን ከኩሽና ይዤ ወደ ክፍሌ የምሮጠው እኔ ነኝ።

አዞ ሐረግን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አጥሩን ነጭ አበባ የሚያለብሰው። ግንዱ ብቻውን አያቆመውም። የቅጠሎቹን ዘንግ ያገኘው ነገር ላይ እየጠመጠመ ነው ሽቅብ የሚወጣው። የተደገፈው ዛፍ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ይሄ በደንብ የገባኝ እማዬ ስታርፍ ነው። ድንኳኑ በተነሳ ማግስት እህቴ አልጋ ያዘች። ስልኳ ይጮኻል፣ አታነሳም። መጋረጃውን መክፈትም አልፈለገች። እኔ ጨለማና ዝምታ ለምጄዋለሁ። ሻይ አፍልቼ ገባሁና አልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ምንም አላወራንም። በማግስቱም እንደዚያው። ከቀናት በኋላ እጇን ዘርግታ ክንዴን ያዘች። አጥብቃ።

የአርባው ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። እሷ ገና ሰው ፊት መቆም አልቻለችም። ስለዚህ እኔ ወጣሁ። ልቤ እየደለቀ ምግብ አቀረብኩ፣ “እግዜር ያጽናችሁ” ላለኝ ሁሉ “አሜን” አልኩ። አክስታችን ዓይኗን እየጠረገች “ፍልፈሉ ወጣ!” አለች።

ብዙ አልቆየሁም። ወደ ክፍሌ ስመለስ እህቴ ተከትላኝ ገባች። በሩን ከውስጥ የዘጋችው እሷ ናት።