ገበሬ የሌለበት ጦርነት፦ ስለ አዲሱ «ዱም» የመጀመሪያ ግንዛቤ

ከዳላስ በስተሰሜን በሪቻርድሰን ከተማ የሚገኘው አይዲ ሶፍትዌር «ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ» የተሰኘውን አዲስ የተኩስ ጨዋታ ሜይ 15 ቀን 2025 (ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.) ለገበያ አቀረበ። ተጫዋቹ ዓለምን በተኳሹ ዓይን እያየ የሚዋጋበት ይህ የጨዋታ ዓይነት የዛሬ መልኩን በአብዛኛው ያገኘው በዚሁ በዳላስ አካባቢ ነው። በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጆቻቸው የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው የሚጮኹበት ይህ ነገር ከሩቅ የመጣ ይመስላቸው ይሆናል። የተሠራው ግን ብዙዎቹ እንጀራና በርበሬ ከሚገዙባቸው ሱቆች በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚያስኬድ ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ሊታይ ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ እንደ ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ አካባቢው ምርት።

ጨዋታውን የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ክብደት ነው። የ2020ውን «ዱም ኢተርናል» የተጫወቱ ሰዎች መዝለልን፣ በአየር ላይ መወንጨፍንና በፍጥነት ማምለጥን ለምደዋል። አዲሱ ጨዋታ ግን ተዋጊውን መሬት ላይ ተክሎታል። እርምጃው ከባድ ነው፤ በእጁም ጠርዙ እንደ መጋዝ የሚሽከረከር ጋሻ ይዟል። የሚመጣበትን ከመሸሽ ይልቅ ቆሞ እንዲመክት፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚወረወርበትን እሳት በጋሻው ወደ ወርዋሪው እንዲመልስ ይጠበቅበታል። የጠላትን ጉልበትና ፍጥነት እንደ ፍላጎት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ስላለው፣ ጣቱ የሰላ ወጣትም ሆነ ከሥራ ደክሞ የገባ ጎልማሳ በአቅሙ ሊጫወተው ይችላል። በዘንዶ ጀርባ የሚበረርባቸውና ግዙፍ የብረት ሰው የሚነዳባቸው ክፍሎች ዓይን ቢማርኩም ጥልቀት ይጎድላቸዋል። በበይነ መረብ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ክፍልም የለውም። የእግር ውጊያው ግን በሚገባ የታሰበበትና የተሳካ ነው።

አሠራሩን በኢኮኖሚ ዓይን ለሚመለከት ሰው ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ጥይት ያለቀበት ተዋጊ ጠላቱን በቅርብ ርቀት በእጁ ሲመታ ጥይት ይፈልቅለታል። የጠላቱን ጥሩር በጋሻው ሲሰብር ስብርባሪው የራሱ መከላከያ ይሆንለታል። በመንገዱ ላይ በሚሰበስበው ወርቅ ደግሞ መሣሪያውን ያሻሽላል። በሌላ አነጋገር፣ በዚህ ዓለም ግድያ ገቢ እንጂ ወጪ አይደለም። ውጊያው በበረታ ቁጥር ስንቁ ይበዛል፤ አጥብቆ የሚዋጋ ይበለጽጋል፤ ቆሞ የሚያመነታ ይደኸያል። ጨዋታው እንዲህ የተሠራው ተጫዋቹ ከጥግ ተደብቆ እንዳይሰለች ነው፤ ለመዝናኛ ሲባል ብልህ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ ጦርነት ራሱን የሚቀልብበት፣ ከውጭ ማንም ምንም የማይከፍልበት ዝግ ኢኮኖሚ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ «ጋሻ» የጦር ዕቃ ስም ብቻ አይደለም፤ 40 ሄክታር ገደማ የሚሆን የመሬት መለኪያም ነበር። ይህ የቃላት መገጣጠም ታሪክ አለው። የንጉሥ ወታደር ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በመሬትና በገባር ጉልበት ሲቀበል በኖረበት ዘመን፣ ጋሻውን የተሸከመው ወታደሩ ቢሆንም ወታደሩን የተሸከመው ገበሬው ነበር። ሠራዊት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ጎተራ ይራቆት፣ በሬ ይታረድ፣ ማሳ ይረገጥ ነበር። በአዲሱ «ዱም» ውስጥ ግንብ አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ዘንዶ አለ፤ ተዋጊውን የሚቀልብ ገበሬ ግን የለም። የጨዋታው ትልቁ ልብ ወለድ አጋንንቱ ሳይሆኑ ይህ ነው።

በጋርላንድ የሚኖር አንድ አባት ይህን የተረዳው ማንም ሳያስረዳው ነው። በወጣትነቱ በደርግ ዘመን በብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ጨዋታው በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነው ልጁ ኋላ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ስለ ደሙ ምንም አላለም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እነዚህ የሞቱት የት ሄዱ?»

«ይጠፋሉ አባዬ፤ ማሽኑ እንዳይከብደው ነው» አለ ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል።

«ጦርነት ማለት እኮ ከተኩሱ በኋላ ያለው ነው» አለና አባትየው ወደ ወጥ ቤት ገባ።

በዚያው ሳምንት ከጎጃም ስልክ ተደውሎለት ነበር። ከ2023 ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በሚካሄደው ውጊያ የተነሳ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ማዳበሪያ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። የሰሜኑ ጦርነት በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ቢባልም ብዙ ተፈናቃይ ገና ወደ ቀዬው አልተመለሰም። ከተኩሱ በኋላ ያለው ይህ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም፤ የስልኩን ንግግር ከጎኑ ሆኖ ሰምቷል። ነገር ግን አንዱን ጦርነት በጆሮው፣ ሌላውን በጣቱ ያውቃል፤ ሁለቱን የሚያገናኝለት ሰው ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚያነሡት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጨዋታው ልጁን ገዳይ ያደርገው ይሆን? በኦገስት 2019 በኤል ፓሶ ከተማ ከተፈጸመው የጅምላ ግድያ በኋላ የቴክሳስ ምክትል ገዥ ጣታቸውን በቪዲዮ ጨዋታዎች ላይ ቀስረው ነበር። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በአርሊንግተን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ማይክል ዋርድ ከስኮት ከኒንግሃምና ከቤንያሚን ኤንግልሽቴተር ጋር ሆነው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓመፅ የበዛባቸው ጨዋታዎች ብዙ በሚሸጡባቸው ሳምንታት ወንጀል ሲጨምር አላዩም፤ እንዲያውም በአጭር ጊዜ ውስጥ የመቀነስ ምልክት አግኝተዋል። ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ቀላል ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚጫወት ወጣት በዚያ ሰዓት ጎዳና ላይ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን ለታዳጊዎች መሸጥን የሚከለክለውን የካሊፎርኒያ ሕግ በ7 ለ2 ድምፅ ሽሮታል። ስለዚህ ጨዋታው «ከ17 ዓመት በላይ» የሚል ምልክት ቢለጠፍበትም፣ ምልክቱን የሚያስከብረው በዋናነት መደብሩና ወላጁ እንጂ መንግሥት አይደለም።

ለስደተኛ ቤተሰብ የሚበልጠው ጥያቄ የሰዓት ጥያቄ ይመስላል። ማርክ አጊያርና ሦስት የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2021 በታተመው ጥናታቸው፣ ከ2004 ወዲህ የአሜሪካ ወጣት ወንዶች የሥራ ሰዓት ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ የጨዋታዎች ጥራት መሻሻል ነው ብለው ተከራክረዋል። የመዝናኛ ጥራት ሲጨምር የሥራ ሰዓት በአንጻሩ ይወደዳል። ሁለት ሥራ ደርበው የሚሠሩ ወላጆች ለልጃቸው ያተረፉለት ትልቁ ሀብት ጊዜ ነው፤ የዚያ ጊዜ ዋጋ ደግሞ በጨዋታው ሣጥን ላይ አልተጻፈም።

ጨዋታው እንደ ምርት ሲታይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። አይዲ ሶፍትዌር በ1991 በሉዊዚያና ሽሪቭፖርት በጥቂት ወጣቶች ተመሥርቶ በ1992 ወደ ዳላስ አካባቢ መጣ። በዚያው ዓመት «ዎልፈንስታይን ስሪ ዲ» የተባለውን ጨዋታውን ያከፋፈለለት በጋርላንድ የነበረው አፖጊ ነው። የመጀመሪያው «ዱም» በዲሴምበር 10 ቀን 1993 ሲወጣ ድርጅቱ ሜስኪት በተባለችው የዳላስ ጎረቤት ከተማ ነበር። የአሸናፊነቱ ስልት የጠላ ቤት ቅምሻ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል በነጻ ተሰጠ፣ ቀሪውን የፈለገ ገንዘብ ላከ። በ1997 ድርጅቱ የ«ዱም»ን የፕሮግራም ኮድ ለሕዝብ ለቀቀው፤ በዚህም ብዙ የውጭ ወጣቶች በእርሱ ላይ እየሠሩ ሙያውን ተማሩበት። ከዚያ በኋላ ሙያው በአካባቢው ሥር ሰደደ። «ቦርደርላንድስ»ን የሚሠራው ጊርቦክስ በ1999 ተመሠረተ፤ ዛሬ ፍሪስኮ ይገኛል። ሳውዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ በ2003 «ጊልድሆል» የተባለውን የጨዋታ ሥራ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመረ። ፍሪስኮ በ2016 የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚየም ከፈተች። ይህን ሁሉ የጀመረው የመንግሥት ዕቅድ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱና ሙዚየሙ የመጡት ሙያው ከተተከለ በኋላ ነው።

ዛሬ አይዲ የግል ወርክሾፕ አይደለም። በ2009 ዜኒማክስ ገዛው፤ ዜኒማክስን ደግሞ ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በ2020 ተስማምቶ በ2021 ግዢውን አጠናቀቀ። አዲሱ ጨዋታ በ2025 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 69.99 ዶላር ነበር፤ የማይክሮሶፍት «ጌም ፓስ» የወር ክፍያ ተመዝጋቢ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይጫወተዋል። አከፋፋዩ በ5 ቀን ውስጥ 3 ሚሊዮን ተጫዋቾች እንደተገኙና ይህም ከ«ዱም ኢተርናል» በ7 እጥፍ የፈጠነ እንደሆነ አስታውቋል። ቃሉን ልብ ማለት ይገባል፤ «ተጫዋች» እንጂ «ገዢ» አልተባለም። በኪራይ ለአሥር ደቂቃ የሞከረውና ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛው እኩል ተቆጥረዋል። ጨዋታው ከመውጣቱ 2 ቀን በፊት ማይክሮሶፍት 6,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። በቴክሳስና በሜሪላንድ የሚገኙ 300 ያህል የዜኒማክስ የጥራት ፈታሾች ማኅበር በበኩሉ ከሁለት ዓመት ድርድር በኋላ በሜይ 30 ከኩባንያው ጋር የመጀመሪያ ስምምነት ላይ ደርሷል። ትርፉ በተጫዋች ብዛት ሲለካና ሠራተኛው የነገውን ሳያውቅ ሲያድር፣ የሙያው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዳላስም ሕያው ነው።

የኪራዩን ሥርዓት የአዲስ አበባ ልጆች ከማይክሮሶፍት ቀድመው ያውቁታል። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ጨዋታ የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፤ ማሽኑን የሚገዛው አንድ፣ የሚጫወትበት ሰፈሩ ሁሉ። ይህ የድህነት መላ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ የዋጋ አወጣጥ ነው። ከጁላይ 2024ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 69.99 ዶላር ከ9,000 ብር በላይ ሆኗል፤ በዚህ ዋጋ ጨዋታ የሚገዛ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይሁንና ሙያው አገር ቤት የለም ማለት አይቻልም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። መንግሥት በ2024 የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ብዙ ወጣቶችን ኮድ ያስተዋውቃል።

ከዳላስ ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን የጎደለው ሥልጠና ብቻ አይደለም። የ1993ቱ ወጣቶች ቅምሻውን በነጻ ሰጥተው ቀሪውን መሸጥ የቻሉት ገዢው ከየትም ሆኖ ገንዘብ ሊልክላቸው ስለቻለ ነው። ብሩ በውጭ ገበያ በማይመነዘርበትና ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ለጥቂቶች ብቻ በሚደርስበት አገር፣ ጎበዝ ሠሪ ቅምሻውን ይሰጣል እንጂ ዋጋውን መቀበል ይከብደዋል። በውጭ ያሉ ባለሙያዎች በቶሎ ሊያግዙ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን በስማቸው ሳይወስዱ ገንዘብ የሚያልፍበትን ሕጋዊ በር መክፈት፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች መሆን፣ በፖሊሲ መድረኮችም ከሥልጠና ቁጥር ይልቅ የክፍያን ጉዳይ ደጋግሞ ማንሣት።

ከዚያ በር የሚወጣው ጨዋታ የተኩስ ጨዋታ መሆኑ አያስፈራም። ጋሻ የመሬት መለኪያ የነበረበትን አገር ታሪክ የሚያውቁ ወጣቶች የጦርነት ጨዋታ ቢሠሩ፣ ጥይቱ ከየት እንደመጣ፣ በሬው የማን እንደነበር፣ ሙታኑን ማን እንደቀበረ የሚጠይቅ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ከ«ዱም» ይልቅ የዘገየና የከበደ ይሆናል፤ የሪቻርድሰኑ ባለሙያዎች ግን በ2025 ክብደት ራሱ ሊያዝናና እንደሚችል አሳይተዋል።