በዘፈኑ ላይ የሚጮኸው ድምፅ የእኔ ነው

በኬንያ በኩል ድንበር ላይ ባለችው ቡቲዬ ውስጥ ዘፈን እየጫንኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ስልክ ያለው ሁሉ ሜሞሪውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከኮምፒውተሬ ገልብጬ እሞላለታለሁ። ሒሳቡ በጊጋ ነው፤ ሽልንግም ብርም እቀበላለሁ። ለዘፋኞቹ ግን ሰባራ ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም። ድንበር ላይ ስለምኖር የጣስኩት ሕግም ሁለት ነው፦ ከወዲያ የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ከወዲህ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የኬንያ የቅጂ መብት ሕግ። «ሁሉም ይሠራው ነበር» ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ነው፤ ግን ጥፋቴን አያቀልልኝም።

ያሳፈረኝ ሕጉ አይደለም፤ ደስታ ነው።

ስፖቲፋይ የሚባለው የዘፈን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ኬንያ ሲገባ ጠላሁት፤ እንጀራዬን ሊቆርጥ የመጣ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ልጄ ስልኬ ላይ አስገባችልኝና ለመድኩት። ጠዋት ቡና ሲቆላ አሊ ቢራን እከፍታለሁ፤ እሱ ሲጨርስ ሳላዝዘው ማሕሙድ አሕመድ ይመጣል። ልጄ የኬንያውን ባንድ ሳውቲ ሶልን ታስገባብኛለች፣ እኔ ጥላሁንን እመልሳለሁ፤ ተጣልተን ተጣልተን አንድ የጋራ ዝርዝር ሠራን። ወደ ማርሳቢት ስሄድ ቀድሜ አውርጄ እይዛለሁ፤ በረሃው ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ዘፈኑ አይቋረጥም። ያ ሁሉ ዘመን በነፃ የወሰድኩ ሰው፣ ዛሬ በየወሩ ሳልነጫነጭ እከፍላለሁ።

አንድ ቀን የማሕሙድን «ኤሬ መላ መላ» እየሰማሁ፣ የአልበሙ ስም አጠገብ 1975 የሚል ቁጥር አየሁ። ዓመቱን አላውቀውም ነበር። ጠያይቄ ያጀበው አይቤክስ ባንድ መሆኑን ሰማሁ፤ እሱንም አላውቅም ነበር። ስንት ሰው ሜሞሪ ላይ የጫንኩት ዘፈን ነው! እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ግን የማሕሙድም የባንዱም ስም፣ ዓመቱም አልነበረም። የሱቄ ስምና የስልክ ቁጥሬ ነበር። እያንዳንዱን ፋይል ስሙን አጥፍቼ የራሴን እጽፍበት ነበር። እሱም አልበቃኝ፤ በዘፈኑ መግቢያ ላይ የሱቄን ስም በገዛ ድምፄ እየጮህኩ እቀዳበት ነበር። ይህን ያደረግኩት ጎረቤት ያሉ ጫኚዎች ከእኔ እንዳይገለብጡ ነው። የሰረቅኩትን እንዳልሰረቅ መጠበቄ ነበር።

የምናዘዘው ግን ስለ ማሕሙድ አይደለም፤ እሱን ዓለም ያውቀዋል። የምናዘዘው ስለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው።

በቦረና ቋንቋ ይዘፍናል። ተበድሮ ናይሮቢ ስቱዲዮ ገባና ዘፈኑን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ፤ ሲዲ ላይ እንዳባዛለት። «ጋሼ፣ ሲዲውን ሸጬ ዕዳዬን እስክከፍል ለሰው አይጫኑብኝ» አለኝ። «አይዞህ» አልኩት። በዚያው ምሽት ድምፄን ጨምሬበት መጫን ጀመርኩ። ሲዲውን ይዞ ሠርግ ለሠርግ ሲዞር፣ ባጃጁም ሱቁም አስቀድሞ ዘፈኑን ያጫውተው ነበር። ሰዎቹ አልናቁትም፤ «ጥሩ ዘፈን ነው፣ እኛም አለን» እያሉ መለሱት።

ታዲያ ባለፈው ስሙን መተግበሪያው ላይ ፈለግኩት። የለም። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዘፈን ካለበት የእሱ አንድ ጠፋ። እንዲገባለት ልረዳው ብዬ ዋናውን ቅጂ ጠየቅኩት፤ ለካ ዋናው እኔው ጋ የቀረው ፍላሽ ነበር። እኔ ደግሞ አጥፍቼ የሌላ ደንበኛ ዘፈን ሞልቼበታለሁ። ስቱዲዮውም ተዘግቷል፤ ከሲዲዎቹም የተረፈ የለም። አሁን በእጃችን ያለው፣ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ የእኔ ጩኸት የወጣበት ቅጂ ብቻ ነው።

ቢገባም ብዙ አያገኝበትም። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ለባለቤቱ አይከፍልም። ያን ሰሞን ቡቲዬ በየቀኑ ትሰማው ነበር፤ ግን እኔ በየሜሞሪው የበተንኩትን ማንም አልቆጠረለትም።

የስቱዲዮውን ዕዳ ያህል ከፍዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ገንዘቡን ተቀበለኝ። ይቅርታውን ሲያስብበት ቆየና፣ «ያኛው ቢሸጥልኝ ኖሮ ሁለተኛውን እቀዳ ነበር፤ ግጥሙ አልቆ ነበር። የእሱን ሒሳብ እንዴት ያስቡታል?» አለኝ።

አላሰብኩትም። ጊጋ ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ በእኔ ምክንያት ስንት ዘፈን ሳይቀዳ እንደቀረ አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም። የከፈልኩት ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ዕዳ እኔው ላይ አለ።