መተዋወቅና መሰለል፦ አንትሮፖሎጂን ለምን መረጥኩ?



ዲፓርትመንት ስንሞላ አንትሮፖሎጂን አንደኛ ምርጫዬ አደረግኩ። አጋሮ ያለው አጎቴ «ምን ያበላል?» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚሉት እነሱ አይደሉም እንዴ? ዲንሽን እንዳያስጥሉሽ» አለችኝ። ዘንድሮም ይህን የሚጠየቁ ልጆች ስላሉ ነው የምጽፈው።

የአጎቴ ጥያቄ ተገቢ ነው። «አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታዩም። ተመራቂው የባህልና ቱሪዝም ቢሮን፣ የግብረ ሰናይ ድርጅቶችን፣ የጥናትና የማስተማር ሥራን በር ያንኳኳል። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የኛ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርና ቋንቋ ጎን ለጎን ተማሩ።

የእናቴ ጥያቄ ይከብዳል። የሰው አመጣጥ ነገር የአንዱ ዘርፍ ርዕስ ነው። እኔ የያዝኩት ማኅበራዊውን ነው፦ ጋብቻ፣ ውርስ፣ እርቅ፣ ሥራ። ፈተና ላይ ንድፈ ሐሳቡ ምን እንደሚል መጻፍ ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። ሰውን ሳይፈርዱ ማዳመጥም ሐላልና ሐራም የለም ማለት አይደለም። አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሳንስክሪት ተምሮ የሂንዶችን እምነትና ኑሮ ከራሳቸው መጻሕፍትና ሊቃውንት ወስዶ ጽፏል። ይህን ሲያደርግ ሙስሊምነቱን አልለቀቀም።

ወደ ጅማችን እንምጣ። ሄርበርት ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጅማ መጥቶ የአባ ጅፋርን መንግሥት የሚያስታውሱ አዛውንቶችን ጠየቀ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ወደ አኺራ የሄዱት በ1932 ስለነበር ያዩዋቸው ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። መጽሐፉ በ1965 ሲታተም ግን ርዕሱ ላይ ኦሮሞ ራሱን የማይጠራበት፣ የሚያስከፋ ስም ነበር። «ኦሮሞ» በሚለው የተተካው በ2001 ዳግም ሲታተም ነው። 36 ዓመት! ሰውየውን ልወቅስ አይደለም፤ እሱ ባይጠይቅ ብዙ ነገር ከአዛውንቶቹ ጋር ይቀበር ነበር። ግን የራሳችንን ታሪክ ጠያቂው ሁሌ እንግዳ መሆን አለበት?

እኛ ስንጠይቅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አያ ሕዝቦችና ጎሳዎች የሆንነው ልንተዋወቅ መሆኑን ይነግረናል። ይህን ሁላችንም እንጠቅሳለን። ከሱ የሚቀድመው 12ኛው አያ ግን ከመጥፎ ጥርጣሬ፣ ከመሰለልና ከሐሜት ይከለክላል። ሁለቱ ጎን ለጎን መሆናቸው የገባኝ መስክ ስወጣ ነው።

በለቀማ ወቅት አንድ የቡና መንደር ውስጥ አንዲት እናት አነጋገርኩ። ከአባታቸው የቡና መሬት ድርሻቸውን ለወንድሞቻቸው ትተዋል። «ሸሪዓው የሰጠኝን አውቃለሁ ልጄ። ከጠየቅኩ ግን ወንድም አይኖረኝም» አሉኝ። ቀጥለው ስለ አንዱ ወንድማቸው አንድ ነገር ነገሩኝና «ይቺን እንዳትጽፊያት» አሉ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያቺን ነገር ለመምህሬም አልነገርኩም፤ እዚህም አልጽፋትም። የቀረውን ግን ስማቸውንና መንደራቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቀዱልኝ፤ «ሌላዋ ልጅ ትስማው» ብለው።

መተዋወቅና መሰለል የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። የሰው ነገር አማና ነው። የእኚህ እናት ሐቅ እንዳይረሳ መጻፍ አለበት፤ የወንድማቸው ገመና ደግሞ መሸፈን አለበት። ሁለቱንም የሚጠብቅ ጸሐፊ ከመካከላችን ካልወጣ ወይ ዝም እንባላለን፣ ወይ እንታማለን።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንትሮፖሎጂ በፍሬሽማን ዓመት በጋራ ይሰጣል። «ለውጤት ብቻ» ብላችሁ አትለፉት። አንትሮፖሎጂን ባትመርጡ እንኳ ለእረፍት ስትመለሱ ሊሙም ሁን ጎማ፣ አንድ አዛውንት አጠገብ ቁጭ በሉ። አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፤ «አትጻፉ» የተባላችሁትን አትጻፉ።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይጨምርልን፣ አማናችንንም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።