ሙታን ያሉበት መጽሐፍ

መጀመሪያ ስቀናል፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገር። አንዱ ጓደኛችን ከአሜሪካ የመጣ ዘመዱ የሰጠውን መጽሐፍ በጋቢው ሸፍኖ ወደ መኝታ ክፍላችን ገባና «እስቲ ልብ ያለው ይምጣ!» ብሎ አልጋ ላይ ዘረጋው። ስድስት ሆነን ከበብነው። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሬሳ ነው፤ በአበባ የተከበበ ሣጥን፣ ነጭ ትራስ ላይ ያረፈ ፊት። አንዳችን «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ አማተበ። ሌላው «ይሄን የሚገዛ ሰው ደኅና ነው እንዴ?» አለ። የቀረነው ሳቅን። ሳቃችን ግን በጨለማ ሲሄድ እንደሚያፏጭ ሰው ፉጨት ነበር፤ ሆዳችን ያውቀዋል።

መጽሐፉ «የሐርለም የሙታን መጽሐፍ» ይባላል። የታተመው በ1978 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን)። ፎቶግራፎቹን ያነሣው ጄምስ ቫን ደር ዚ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ መጽሐፉ ሲወጣ ዕድሜው 90 ዓመትን አልፎ ነበር። በኒው ዮርክ፣ በሐርለም ሰፈር ፎቶ ቤት ከፍቶ ሙሽራውንም ወታደሩንም የማኅበር አባሉንም ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። በ1924 የማርከስ ጋርቬይን ማኅበር ሰልፎች ያነሣውም እርሱ ነው። ቀብር ሲኖር ደግሞ ይጠራል፤ ካሜራውን ተሸክሞ ይሄዳል። ለመጽሐፉ ኦወን ዶድሰን ግጥም፣ ካሚል ቢሎፕስ ዋናውን ጽሑፍ፣ ቶኒ ሞሪሰን መቅድሙን ጻፉለት።

ሳቃችንን ያስቆመው አንድ ገጽ ነው። አባትና እናት ደኅና ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሕፃን ታቅፈዋል። መጀመሪያ ሲያዩት የክርስትና ፎቶ ይመስላል። ሕፃኑ ግን ሞቷል። ታቀፉት ያላቸው ቫን ደር ዚ ራሱ ነው። ሌላም ዘዴ ነበረው። ሁለት ኔጌቲቭ ደርቦ በአንድ ወረቀት ላይ ያትማል፤ ሟቹ በሣጥኑ ተኝቶ ሳለ ከበላዩ መላእክት ሲያንዣብቡ ይታያሉ፣ ወይም ሟቹ ራሱ በሕይወት ሳለ የተነሣው ምስል ብቅ ይላል። በ1927 የገዛ ልጁ ራሔል ስትሞትም ሣጥኗ ውስጥ እንዳለች አንሥቷታል። እንግዲህ ይህ ሰው በሰው ሬሳ የሚነግድ ነው ልንል ነበር፤ ራሔል ጋ ስንደርስ አፋችንን ያዝን።

አንዲት ልጃገረድም አለች። ወዳጇ በግብዣ ላይ ተኩሶ መታት። ማን መታሽ ሲሏት «ነገ እነግራችኋለሁ» እያለች፣ እርሱ እንዲያመልጥ ዕድል ሰጥታው ሞተች። ቶኒ ሞሪሰን ይህችን ልጅ አልረሳቻትም፤ በ1992 ያወጣችው «ጃዝ» የተባለው ልብ ወለድ የተወለደው ከዚያች ፎቶግራፍና ከዚያ ታሪክ ነው።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። የሥነ ጥበብ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን «ምን አዲስ ነገር አለው? ሆልባይን እኮ ቀድሞታል!» አለ። እውነቱን ነው። ሐንስ ሆልባይን የነደፋቸው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በ1538 ሊዮን ከተማ በመጽሐፍ የወጡት 41 ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ቁመታቸው 6.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መዳፍ አይሞሉም። ሞት አፅም ሆኖ ጳጳሱን ይይዛል፣ ንጉሡን ይይዛል፣ ከባለጠጋው ገንዘብ ያፍሳል። የደኸየው ገበሬ ዘንድ ሲደርስ ግን ፈረሶቹን እየነዳ እርሻውን ያግዘዋል። በአንዲት የፈረሰች ጎጆ ውስጥ እናት ምድጃ ላይ ስታበስል ሞት ትንሹን ልጇን እጁን ይዞ ይወጣል። ይህ ሞት የሁሉም ነው፤ ስለዚህም የማንም አይደለም። ሰው አይቶት «ልክ ነው፣ አያዳላም» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ማይክል ሌሲ በ1973 ያወጣውን «የዊስኮንሲን የሞት ጉዞ» የተባለ መጽሐፍ ጠቀሰ። ሌሲ፣ ቻርልስ ቫን ሻይክ የተባለ ባለ ፎቶ ቤት ብላክ ሪቨር ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ካነሣቸው ብዙ ሺህ የመስተዋት ኔጌቲቮች መረጠ፤ አንዳንዱን ቆረጠ፣ አንዳንዱን አጎላ፤ ከአጠገቡ የዘመኑን የጋዜጣ ወሬ ደረደረ። ዲፍቴሪያ የተባለው የጉሮሮ በሽታ የአንድ ቤት ልጆችን ጨረሰ፣ እገሌ ራሱን ሰቀለ፣ እገሊት የእብዶች ሆስፒታል ገባች። ከዚያ በኋላ ሰርግ የሚሄዱት ሰዎች ፊት እንኳ ያስፈራል። እነዚያ ገበሬዎች ግን ለፎቶ አንሺው የከፈሉት ለማስፈራት ነበር? ልጃቸውን በሣጥን ውስጥ ያስነሡት እንዳትጠፋባቸው ብለው አልነበረም? ይህ ሁላችንንም አሟገተን። ግማሾቻችን ሌሲ የድሆችን ሐዘን ለሚደነቅ አንባቢ ሸጠው አልን፤ ግማሾቻችን የለም፣ ማንም ያልጻፈውን የድሆች ታሪክ ነው የጻፈ አልን። እስከ እኩለ ሌሊት አልተስማማንም።

እስከዚያ ድረስ ያልተናገረ አንድ ሰው ነበር። ከሩቅ ገጠር የመጣው ጓደኛችን መጽሐፉን ወደ ራሱ ስቦ ያንን የሕፃኑን ገጽ ሲያይ ቆይቶ «እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር» አለ። «ፎቶ የላትም። አንድም። በለቅሶዋ ላይ ቀሚሷን ነበር ይዘው ያለቀሱት። አሁን ቀሚሱን አስታውሰዋለሁ፤ ፊቷን ግን አላስታውስም። እንዲህ በሣጥን ተኝታም ቢሆን ቢኖረኝ፣ እናንተ የምትሉትን ሁሉ በሉ፣ አልጋዬ በላይ እሰቅላት ነበር።»

ዝም አልን። በእኛ አገር ሬሳ ፎቶ አይነሣም፣ ነውር ነው ስንል ነበር የቆየን። ነገር ግን የሟችን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በየተራ እየተቀባበሉ፣ እያሳዩ ማልቀስስ የማን ወግ ነው? ከዚያ በፊት ደግሞ ልብሱን፣ ጠመንጃውን፣ ፈረሱን ነበር ለቅሶ ሜዳ የሚያወጡት። እኛ የቆመበትን ፎቶ ይዘን እንጮሃለን፤ እነርሱ የተኛበትን አንሥተው በአልበም ያስቀምጣሉ። ሁለቱም «ነበረ እኮ!» ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሳይጠሩ ይገባል፤ እየሳቁ ግን አይገባም። የእኛ ጥፋት መጽሐፉን መክፈታችን አልነበረም፤ አገባባችን ነበር።

ሁላችንም ተለወጥን ማለታችን አይደለም። ያማተበው ጓደኛችን ዛሬም መጽሐፉ ያለበት አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ አንፈርድበትም። የቫን ደር ዚ ሥራ ግን ክብር አግኝቷል፤ በ2021 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከሐርለሙ ስቱዲዮ ሙዚየም ጋር ሆኖ ፎቶግራፎቹንና ኔጌቲቮቹን በአደራ ያዘ።

እኛ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ወላጆቻችንን፣ አያቶቻችንን ፎቶ አንሥተን እንድንመለስ ተስማማን። አንዱ ጓደኛችን አያቱን «እማማ፣ እስቲ እዚህ ደጃፉ ላይ ይቁሙ፣ ላንሣዎት» ቢላቸው አሮጊቷ ቀና ብለው አይተውት «ምነው ልጄ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አሉት።

የሚመልሰው ጠፋው። እርሳቸው ግን መልሱን አልጠበቁም። «ቆይ እንግዲያ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡና ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።