የተሰጠውን ስላላወቀ ሰው

ሰው የተሰጠውን ነገር ጠንቅቆ ያላወቀ እንደ ኾነ፣ በቤቱ ያለውን የራሱን ገንዘብ ትቶ የሌላውን ሊሰርቅ ይሔዳል። ይህ ነገር በእኔ በራሴ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የደረሰውም በምጽፍበት ኮምፒዩተር ምክንያት ነው። ዛሬ ካህናቱም የከተማው ሰዎችም ደብዳቤውን፣ የሰበካ ጉባኤውን ሒሳብ፣ የክርስትናውን መዝገብ ኹሉ በዚህ ዕቃ የሚጽፉ ስለ ኾነ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ብናገር ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

በ2004 ዓ.ም. የገዛሁት ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 የሚባለው ሥርዓት የተጫነበት ነበረ። ሠሪው ማይክሮሶፍት ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10ን ባወጣ ጊዜ፣ የዊንዶውስ 7 እና የዊንዶውስ 8.1 ባለቤቶች እስከ አንድ ዓመት ድረስ ያለ ዋጋ ወደ ዐዲሱ እንዲሸጋገሩ ፈቅዶ ነበርና እኔም በ2008 ዓ.ም. ተሸጋገርሁ። በዚሁ ላፕቶፕ የመምህሬን ቅኔ እሰበስብበት ነበር። ቅኔ ለዕለቱ በዓል ተቀኝቶ የሚቀር ነው፤ ያንኑ መልሶ ማቅረብ ለባለቅኔ ነውር ስለ ኾነ፣ የሰማ ሰው ካልያዘው ከአፍ እንደ ወጣ ይጠፋል። መምህሬ ካረፉ በኋላ ከደቀ መዛሙርታቸው ቃልና ከአሮጌ ደብተር እየለቀምሁ ከሦስት መቶ የሚበልጥ ቅኔ ጽፌ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሃርድ ዲስኩ እያረጀ ሔዶ አንድ ፋይል ለመክፈት ቡና እስኪፈላ ድረስ ያስጠብቀኝ ጀመር። ስለዚህ ቅኔውን ኹሉ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ፣ ዲስኩንም በዐዲስ አስለውጬ፣ ዊንዶውስ 10ን እንደ ገና ከመጀመሪያው በገዛ እጄ ጫንሁ። በመጫኑ መካከል የምርት ቁልፍ ቢጠይቀኝ የለኝም ብዬ አለፍሁ፤ ይህስ ትክክል ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን ሆም ወይስ ፕሮ ብሎ አስመረጠኝ። ሆም ለቤት፣ ፕሮ ለሥራ ቤት የተዘጋጀው ነው። እኔም ፕሮ የሚለው የሚበልጥ መሰለኝና እርሱን መረጥሁ። መጫኑ ያለ ችግር ተፈጸመ፤ ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ ከገጹ በታች በቀኝ ማዕዘን ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ የሚል የደበዘዘ ጽሕፈት ወጣ። ቅኔ ስጽፍም ያ ጽሕፈት ከቤቱ በታች ኾኖ ሌባ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድሁት። በዚያ ያለው ወጣት አይቶ «የኔታ፣ ቀላል ነው፤ ክራክ ላድርግልዎት፤ ዐምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። ክራክ የሚሉት ማረጋገጫውን በማታለል ያልተፈቀደውን የተፈቀደ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ዋጋው ርካሽ ነበረ፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ነበር። ወጣቱ ግን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን እናጠፋዋለን» ባለኝ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። ዘበኛው ካልወጣ አልገባም የሚል እንግዳ በጎ እንግዳ አይደለምና። እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሰውን ምስጢር የሚሰርቅ ወይም ፋይሉን የሚቈልፍ ቫይረስ ይዘው እንደሚገቡ በኋላ ተረዳሁ። በቅኔ ቤት መዝረፍ ያስመሰግናል፤ ሳይጽፍ በቃሉ የሚዘርፍ ተማሪ ይደነቃል። የመምህሬን ዘረፋ በተዘረፈ ቤት ማኖር ግን ከበደኝና «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ያን ጊዜ ያስወጣኝ ከጽድቅ ይልቅ ፍርሃት እንደ ነበረ አልሸሽግም።

ማታ ከእኔ ዘንድ ለሚማር ለአንድ ዲያቆን ነገሩን አጫወትሁት። እርሱም ብዙ ሳይናገር «የኔታ፣ ቀድሞ የነበረው ሆም ነበር ወይስ ፕሮ?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። ይህን ያህል ዓመት ስጽፍበት ስሙን አይቼ አላውቅም ነበር። ዲያቆኑ ላፕቶፑን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ፤ ዊንዶውስ 7 ሆም ፕሪሚየም ይላል። ሆም ፕሪሚየም ወደ ዊንዶውስ 10 ሲሸጋገር ሆም ይኾናል፤ ፕሮ የሚኾነው ቀድሞ ፕሮፌሽናል የነበረው ነው። «እንግዲያስ ፈቃድ አለዎት፤ የጠየቁት ግን ያልተሰጠዎትን ነው» አለኝ። በዚያው ሌሊት ሆምን መርጠን እንደ ገና ጫንነው፤ ከኢንተርኔት ጋራ በተገናኘ ጊዜም ቁልፍ ሳይጠይቅ፣ ገንዘብም ሳይከፈል በራሱ ጸና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አክቲቬሽን የሚባለው ሥርዓቱ የተፈቀደ መኾኑን ከሠሪው መዝገብ ጋራ አመሳክሮ ማጽናት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ1994 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ይህ ደንብ ለብዙው ሕዝብ ደረሰ። ቀድሞ ፈቃዱ የሚታወቀው በዐምስት በዐምስት በተከፈለ 25 ፊደልና ቍጥር ባለው የምርት ቁልፍ ነበረ። እንደ እኔ ያለ ዋጋ ወደ ዊንዶውስ 10 ለተሸጋገረው ግን ዲጂታል ፈቃድ ተሰጠው። ይኸውም የማሽኑ አካላት፣ ይልቁንም የማዘርቦርዱ ምልክት፣ ሆም ወይም ፕሮ ከሚለው ስም ጋራ በሠሪው መዝገብ ተመዝግቦ ይኖራል። ስለዚህ ዲስኩ ቢለወጥ በዲስኩም ያለው ኹሉ ቢጠፋ ፈቃዱ አይጠፋም፤ ማዘርቦርዱ የተለወጠ እንደ ኾነ ግን መዝገቡ ማሽኑን እንደ እንግዳ ይቈጥረዋል።

ይህን በተረዳሁ ጊዜ የተማሪነቴ ዘመን ትዝ አለኝ። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና የሚቈጥር ተማሪ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን፣ ዘይእዜን ሳያልፍ ወደ መወድስ አይዘልም። እኔ አንድ ቀን በድፍረት ብዘል መምህሬ በጉባኤው መካከል «ጉባኤ ቃናህን ማን ወሰደብህ?» አሉኝ። ተማሪው ኹሉ ሣቀ፤ እኔም ዐፍሬ ተቀመጥሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የእርሳቸውን ቅኔ ስጽፍ ያንኑ ስሕተት ደገምሁት።

ዛሬ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ለብዙ ሰው የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። ለተመዘገቡት ከሚሰጠው ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ በቀር፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የጥበቃ ዕድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ከሚፈለገውም መካከል 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባልም የጥበቃ ክፍል ይገኛሉ። አሮጌው ላፕቶፔ ይህ የጥበቃ ክፍል ስለሌለው ቀረ፤ ፈቃዱም ከማሽኑ ጋራ የተቈራኘ ስለ ኾነ አብሮት ቀረ። የዊንዶውስ 7ን ቁልፍ ይዞ ዐዲሱን ለማጽናት የሚያስብ ካለም ያ በር በመስከረም 2016 ዓ.ም. መዘጋቱን ይወቅ።

ኋላ የገዛሁትን ሌላ ላፕቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 ባሸጋገርሁ ጊዜ ግን እንዲህ አደረግሁ። አስቀድሜ ጽሕፈቴን ኹሉ ከማሽኑ ውጭ በሁለት ቦታ ገለበጥሁ። ቀጥዬ ሴቲንግስ ገብቼ አክቲቬሽን በሚለው ገጽ ሥርዓቱ የጸና መኾኑን አየሁ፤ ሆም ወይስ ፕሮ መኾኑንም በወረቀት ጻፍሁ። ፈቃዱንም ከማይክሮሶፍት አካውንቴ ጋራ አያያዝሁት፤ ይህን ያደረገ ሰው የማሽኑ አካል ቢለወጥበት ባለቤትነቱን ማስረዳት ይቀለዋል። ከዚህ በኋላ ዐዲሱን በአሮጌው ላይ ጫንሁት፤ ፋይሌም ፈቃዴም በየቦታቸው ተገኙ። ኹሉን አጥፍቶ ከመጀመሪያው ለመጫን የሚሻም 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይበቃዋል፤ ብቻ በወረቀት የጻፈውን ያንኑ ስም ይምረጥ።

ለዚያ ወጣት ነገ እመለሳለሁ ብዬው ስለ ነበር በነጋው ሔጄ የኾነውን ኹሉ ነገርሁት። «ከእንግዲህ ለሚመጣው ኹሉ አስቀድመህ፣ ቀድሞ ምን ነበረህ? ብለህ ጠይቅ» አልሁት። እርሱም ሥቆ «የኔታ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው እኮ እኔ ዘንድ አይመጣም» አለኝ።

የተሰጠንን ዐውቀን እንድንጠብቅ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።