በቀይ ጠመኔ የተሣለ አገር

ደብረ ወርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ሥዕል ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለው የእመቤታችን መልክ ነው። እኔም ልጅነቴን ያሳለፍሁት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ነውና፣ ዛፍና ገደል ራሱን ችሎ ይሣላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኋላ ግን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የፈረንሳዊውን የዣን ኦኖሬ ፍራጐናርን ሥራ አየሁ። ይህ ሰው በሮማ የሥዕል ተማሪ ሳለ፣ በ1760 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለሮማ ቅርብ በሆነችው በቲቮሊ ሰንብቶ ቪላ ዴስቴ የሚባለውን የአትክልት ቦታ በቀይ ጠመኔ ነደፈው። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ግዙፍ የፈረንጅ ጥዶች ወደ ሰማይ ወጥተው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ሰዎች ጉንዳን ያህላሉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ቀይ ጠመኔ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ብረት ያቀላው የሸክላ አፈር ነው። ምድርን በምድር መሣል ማለት ይኸው ነው።

የእኛ ሠዓሊዎች በጥበብ አላነሱም። የጐጃም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የመኳንንቱን ካባ፣ የወታደሩን ጋሻ፣ የፈረሱን ኮርቻ ጠብቆ አቆይቶልናል። የብቸናው ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋውም ከቅዱሳን ሌላ ነገሥታቱንና የሕዝቡን ኑሮ ሥለዋል። ኮረብታውና ዛፉ ግን ለራሱ ሲባል ተሥሎ ያየሁት ጥቂት ነው።

ይህስ ምን ጉዳት አለው ትሉኝ ይሆናል። ፊደል የቈጠርሁበት ዋርካ ዛሬ የለም፤ በቦታው ባሕር ዛፍ በቅሏል። ልጄ «ምን ያህል ነበር?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሁለት እጄን ከመዘርጋት በቀር የማሳየው አጣሁ። የቲቮሊን ጥዶች ግን በዓይኔ ሳላያቸው ቅርንጫፋቸውን ጭምር ዐውቃለሁ፤ ከ260 ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ቁጭ ብሎ ነድፏቸዋልና።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ወረቀት ያዙ፤ ቀይ ጠመኔ ቢጠፋ እርሳስ ይበቃል። ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ እሱን ለነገ ማቆየት ይቻላል። አስቀድማችሁ የሚቆረጠውን ዛፍና የሚፈርሰውን ቤት ንደፉ። ከዛፉም ሥር አንድ ሰው አቁማችሁ ሣሉ፤ የዛፉ ልክ የሚታወቀው በእሱ ነው።